የእንጨትና የጭቃ ቤት አሠራር

ቤት ከብርድና ከዝናብ የምንከለልበት ብቻ አይደለም። እህላችንን እናኖርበታለን፤ ልጅ እናሳድግበታለን፤ እንግዳ እንቀበልበታለን፤ ስንታመም እንተኛበታለን። በሀገራችን ገጠር አብዛኛው ሰው የሚኖረው ከእንጨትና ከጭቃ በተሠራ ቤት ነው። እንጨቱም ጭቃውም ከአካባቢው ይገኛል። አሠራሩንም ከአባቶቻችን ተምረነዋል። ታዲያ አንዱ ቤት ለልጅ ልጅ ሲተርፍ፣ ሌላው በአራት በአምስት ዓመቱ የሚዘምመው ለምንድን ነው? በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ይህንን ነው።

በመጀመሪያ ያየነውን እንናገር። በአንድ የወይና ደጋ መንደር ሁለት ጎረቤታሞች በአንድ በጋ ቤት ሠሩ። እንጨቱ ከአንድ የባሕር ዛፍ ማሳ የተቆረጠ ነው። አናጢውም አንድ ነበር። በአምስተኛው ዓመት፣ በነሐሴ ወር፣ ሌሊቱን ዝናብ ሲጥል አድሮ የአንደኛው ቤት ግድግዳ ወደ ውጭ ዘመመ። ጎረቤት ተጠርቶ ግድግዳው በባላ ተደገፈ። ልጆቹ ወደ ዘመድ ቤት ተወሰዱ። የዘር እህሉ ግን በዝናብ ራሰ። የሁለተኛው ሰው ቤት ቀጥ እንዳለ ነበር።

ቤቱ የዘመመባቸውን አባወራ ምክንያቱን ብንጠይቃቸው አንድ ቋሚ ነቅለው አሳዩን። ከመሬት በላይ ያለው ደኅና እንጨት ነው። ከመሬት በታች ያለው ግን በእጅ ሲጨብጡት እንደ ዱቄት ተበተነ። «እኔን የጣለኝ ዝናቡ አይደለም፤ ምስጡ ነው። አምስት ዓመት ሙሉ ከሥር ሲበላኝ አላወቅሁም» አሉን።

ጎረቤታቸው የተለየ ሀብት አልነበራቸውም። የተለዩት በሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ እንጨቱን ልጠውና አድርቀው ሠሩ። ሁለተኛ፣ እንጨቱን ከመሬት በድንጋይ ለዩት። ሦስተኛ፣ የክዳኑን ጠርዝ ወደ ውጭ አስረዘሙት። እንግዲህ እነዚህንና ሌሎቹን በየተራ እንያቸው።

1. ከመጀመራችን በፊት እናስብ

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ይባላል። ቤትም በችኮላ ሲሠራ ሁለት ጊዜ ይሠራል። ስለዚህ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ማሰብ ያስፈልጋል። በቤቱ ስንት ሰው ይኖራል? እህሉ የት ይቀመጣል? ከብቱ የት ያድራል? እሳት የት ይነዳል? እነዚህን ጥያቄዎች ባልና ሚስት አብረው ይመልሱ። ብዙውን ጊዜ ቤቱ ውስጥ የሚውሉት እናቶች ናቸው። የጓዳውን ጥበት፣ የጢሱን መከራ የሚያውቁት እነሱ ናቸው። ሳይጠየቁ የተሠራ ቤት ለእነሱ አይመችም።

ቤቱ ክብ ይሁን ወይስ ባለ አራት ማዕዘን? ሁለቱም የየራሳቸው ጥቅም አላቸው። የግድግዳው ዙሪያ 26 ሜትር ነው እንበል። ቤቱ 8 ሜትር ርዝመትና 5 ሜትር ወርድ ያለው ባለ አራት ማዕዘን ከሆነ ስፋቱ 40 ካሬ ሜትር ይሆናል። በዚያው በ26 ሜትር ግድግዳ ክብ ቤት ብንሠራ ግን ስፋቱ ወደ 54 ካሬ ሜትር ይደርሳል። ክብ ቤት በጥቂት እንጨት ብዙ ቦታ የሚይዘው ለዚህ ነው። ነፋስም ብዙ አይገፋውም። ባለ አራት ማዕዘኑ ደግሞ በክፍል ለመከፋፈልና ቆርቆሮ ለመምታት ይቀላል። አልጋና ሳጥንም ከግድግዳው ጋር ገጥሞ ይቀመጥበታል።

በ8 ሜትር በ5 ሜትር ቤት ውስጥ 3 ሜትሩን ለመኝታ፣ 5 ሜትሩን ለመቀመጫ ማድረግ ይቻላል። ማድ ቤቱና የከብቱ በረት ለብቻቸው ቢሆኑ ይመረጣል።

2. የቦታ አመራረጥ

ቤት የሚሠራበት ቦታ ውሃ የማይተኛበት፣ ትንሽ ተዳፋት ያለው መሆን አለበት። ከወንዝ ዳርና ከጎርፍ መሄጃ እንራቅ። አንዳንዱ መረሬ፣ አንዳንዱ ዋልካ የሚለው ጥቁር አፈር ለጤፍ መልካም ነው፤ ለቤት ግን አይሆንም። በክረምት ያብጣል፤ በበጋ ይሰነጠቃል። አፈሩ ሲንቀሳቀስ ቤቱም አብሮ ይንቀሳቀሳል፤ ግድግዳውም ይተረተራል። ቀይና ጠጠር የበዛበት መሬት ይሻላል።

በሩ ዝናብ ይዞ ወደሚመጣው ነፋስ ፊቱን እንዳይሰጥ እናድርግ። ነፋሱ ከየት እንደሚመጣ የአካባቢው ሽማግሌዎች ያውቃሉ፤ እነሱን መጠየቅ ነው። ከቤቱ በላይ በኩል ቦይ ቆፍረን ጎርፉን ወደ ጎን እንመልሰው። መጸዳጃ ቤት ከመኖሪያው ዝቅ ብሎ ይቆፈር። ከምንጭ ወይም ከጉድጓድ ውሃ ደግሞ ቢያንስ 30 ሜትር ይራቅ።

3. እንጨት መቁረጥና ማድረቅ

ዛሬ በደጋውና በወይና ደጋው ለቤት የምንጠቀምበት እንጨት በብዛት ባሕር ዛፍ ነው። ባሕር ዛፍ የትውልድ ሀገሩ አውስትራሊያ ነው። ወደ ሀገራችን የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ በ1880ዎቹ ዓ.ም. ነው። በዚያን ጊዜ አዲስ አበባ አዲስ ከተማ ነበረች። ሰው ስለበዛባት በዙሪያዋ የነበረው ደን ለማገዶና ለቤት እየተቆረጠ አለቀ። ባሕር ዛፍ ቶሎ ስለሚያድግ፣ ተቆርጦም ከጉቶው መልሶ ስለሚያቈጠቍጥ ለዚያ ችግር መፍትሔ ሆነ። ቀስ በቀስም በየገጠሩ ተስፋፋ።

ባሕር ዛፍ ግን ሁለት ጠባይ አለው። አንደኛ፣ ርጥብ ሆኖ ከተሠራበት ሲደርቅ ይጣመማል፤ ይሰነጠቃል። ሁለተኛ፣ መሬት ውስጥ ሲቀበር ምስጥ ይወደዋል። ስለዚህ እንዲህ እናድርግ።

እንጨቱን በበጋ፣ ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው ጊዜ እንቁረጥ። ከጉቶው ዝቅ አድርገን፣ ውሃ እንዳይተኛበት ገደድ አድርገን፣ በተሳለ መጥረቢያ ወይም በመጋዝ እንቁረጠው። እንዲህ ከሆነ ጉቶው በደንብ ያቈጠቍጣል። እንጨቱ እንደ ተቆረጠ ወዲያው ልጡን እንላጥ። ርጥብ ሳለ በቀላሉ ይላጣል፤ ከቆየ ግን ያስቸግራል። ልጡ ሳይነሣ ከቀረ በሥሩ ነቀዝ ይገባበታል። ከዚያ በኋላ በድንጋይ ላይ ከፍ አድርገን፣ በመካከሉ አየር እንዲገባ አራርቀን፣ ጥላ ባለበት እንደርድረው። ፀሐይ ላይ የተጣለ ባሕር ዛፍ ይተረተራል። ሁለት ሦስት ወር እንዲህ ከቆየ ለሥራ ይደርሳል።

ጽድና ወይራ ከባሕር ዛፍ ይልቅ ምስጥን ይቋቋማሉ። ይልቁንም መካከለኛው ጠቆር ያለው ክፍላቸው ጠንካራ ነው። ዋንዛ ደግሞ ለበርና ለመስኮት ይመረጣል። ነገር ግን እነዚህ የሀገር ዛፎች ተመናምነዋል። ለማደግም ብዙ ዓመት ይፈልጋሉ። ስለዚህ ከመቁረጣችን በፊት የአካባቢያችንን የግብርና ጽሕፈት ቤት እንጠይቅ። ከአሮጌ ቤት የወጣ ጽድ ከተገኘም አንጣለው፤ ጠርቦ እንደገና መጠቀም ይቻላል። አንድ ዛፍ የቆረጠም በምትኩ ችግኝ ይትከል። ባሕር ዛፍ ስንተክል ግን ከምንጭና ከእርሻ ዳር እናርቀው፤ ውሃ ይሻማልና።

4. እንጨቱን እንቍጠር

ፊደል ከቆጠርን ወዲህ እንጨትንም በወረቀት መቍጠር እንችላለን። ይህ ብዙ ወጪ ያድናል። እንጨት ቢጎድል ሥራው ይቆማል፤ ደቦው ይበተናል። ቢተርፍ ደግሞ ገንዘብ ባከነ ማለት ነው።

የ8 ሜትር በ5 ሜትሩን ቤት እንውሰድ። ዙሪያው 8 ሲደመር 5፣ ሲደመር 8፣ ሲደመር 5 ነው። ይህም 26 ሜትር ይሆናል። በየግማሽ ሜትሩ አንድ ቋሚ ብናቆም 52 ቋሚ ያስፈልጋል። ከእነዚህ 4ቱ የማዕዘን ናቸው። የቀሩት 48 ናቸው።

ማገር ደግሞ እንዲህ ይቈጠራል። የግድግዳው ቁመት 2 ሜትር ከ50 ይሁን። በየ30 ሳንቲ ሜትሩ አንድ ማገር ቢመታ 8 ተርታ ይሆናል። ማገር ከውስጥም ከውጭም ስለሚመታ 16 ተርታ ነው። 16 ጊዜ 26 ሜትር 416 ሜትር ይሆናል። አንዱ ማገር 4 ሜትር ቢረዝም 104 ማገር ያስፈልገናል። የሚሰበርና የሚደራረብ ስላለ ወደ 115 ማዘጋጀት ነው። የክዳኑ እንጨትና የውስጡ ክፍልፍል ለብቻ ይቈጠራል።

5. ልኬትና መሠረት

ማዕዘኑ ቀና ያልሆነ ቤት ክዳኑ አይገጥምም። ማዕዘን ለማቅናት ገመድ ብቻ ይበቃናል። በገመዱ ላይ እኩል ርቀት ያላቸው 12 ክፍሎችን በቋጠሮ ምልክት እናድርግና ጫፍና ጫፉን እንግጠም። ከዚያም በሦስት ችካል እንወጥረው። በአንዱ በኩል 3 ክፍል፣ በሁለተኛው 4 ክፍል፣ በሦስተኛው 5 ክፍል ይሁን። 3ቱና 4ቱ የሚገናኙበት ቦታ ትክክለኛ ማዕዘን ነው። አራቱም ማዕዘኖች ከተቸከሉ በኋላ ከጥግ ወደ ጥግ አገዳድመን በገመድ እንለካ። ሁለቱ ልኮች እኩል ከሆኑ ቤቱ ቀና ነው። በእኛ ቤት እያንዳንዳቸው 9 ሜትር ከ43 ሳንቲ ሜትር ይሆናሉ። ክብ ቤት ለሚሠራ ሰው ሥራው ይቀላል፤ መካከል ላይ ችካል ተክሎ፣ ገመድ አስሮ መዞር ብቻ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስን። ምስጥ ከመሬት ውስጥ ይወጣል። ብርሃንና ደረቅ አየር ስለማይወድ ያለ መሸፈኛ በግልጽ አይሄድም። በጭቃ ጠባብ መተላለፊያ እየሠራ፣ በዚያ ውስጥ ተደብቆ ወደ እንጨቱ ይወጣል። እንጨቱ መሬት ውስጥ ከተቀበረ ግን መተላለፊያ መሥራትም አያስፈልገው፤ እዚያው ያገኘዋል። በምዕራብ ወለጋ የሚኖሩ ገበሬዎች ይህንን ከማንም በላይ ያውቁታል፤ እዚያ ምስጥ ቤትንም ሰብልንም የሚያጠፋ ትልቅ ጠላት ነው።

ስለዚህ ዙሪያውን እስከ ጠንካራው መሬት ድረስ እንቆፍርና በድንጋይ እንሙላው። ድንጋዩ ከመሬት በላይ ቢያንስ ግማሽ ሜትር ከፍ ይበል። በድንጋዩ ላይ ወፍራም እንጨት አጋድመን፣ ቋሚዎቹን በዚያ ላይ እናቁም። የማዕዘኑ አራት ቋሚዎች ብቻ መሬት ውስጥ 60 ሳንቲ ሜትር ያህል ይግቡ። እነሱም ጽድ ወይም ወይራ ቢሆኑ መልካም ነው። ቋሚዎቹ መሬት ስላልገቡ ቤቱ እንዳይዘም በየማዕዘኑ ሰያፍ እንጨት ይመታ። ሰያፍ የሌለው ቤት ነፋስ ይገፋዋል።

ብዙ ሰው የቋሚውን ጫፍ በእሳት ይለበልባል። ይህ ጥቂት ይረዳ ይሆናል እንጂ ምስጥን ለብዙ ጊዜ አይመልስም። የተቃጠለ የመኪና ዘይት የሚቀቡም አሉ። እሱም ቢሆን እየቆየ ኃይሉን ያጣል። ዘይቱ ለጤና ጎጂ ስለሆነ በባዶ እጅ አይነካ፤ ከልጆችና ከውሃ ይራቅ። ድንጋዩ ግን አይበላም፤ አይደርቅም፤ አይጠፋም።

6. ማቆምና መክደን

ቋሚው ቀጥ ማለቱን በቱንቢ እናረጋግጥ። ቱንቢ ከሌለ በክር ላይ ትንሽ ድንጋይ ማንጠልጠል ይበቃል። ማገሩ ከውስጥም ከውጭም ከቋሚው ጋር በሚስማር ይመታል ወይም በልጥ ይታሰራል።

ይህ ሥራ ብዙ እጅ ይፈልጋል። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ነውና ጎረቤትን በደቦ መጥራት የቆየ ባህላችን ነው። ለደቦው ጠላውና ንፍሮው እንደሚዘጋጅ ሁሉ እንጨቱም፣ ሚስማሩም፣ ውሃውም አስቀድሞ ይዘጋጅ። ሰው ከመጣ በኋላ ሚስማር ፍለጋ ገበያ መሮጥ ነውር ነው።

ክዳኑ ሣር ከሆነ ተዳፋቱ የቆመ መሆን አለበት። ለጥ ያለ ከሆነ ውሃው ይሰርጋል፤ ሣሩም ይበሰብሳል። እንደ ሰንበሌጥ ያለ ረጅም ሣር በበጋ ታጭዶ፣ ደርቆ፣ ከታች ወደ ላይ እየተደራረበ ይከደናል። የሣር ቤት በቀን አይሞቅም፤ በሌሊትም አይበርድም። ነገር ግን እሳት ያሰጋዋል፤ በየጊዜውም መታደስ አለበት። ቆርቆሮ ውድ ነው፤ ፀሐይ ሲበረታ ይሞቃል፤ ዝናብ ሲጥል ይጮኻል። ግን ብዙ ይቆያል፤ ዝናብ ውሃ ለማጠራቀምም ይመቻል። ቆርቆሮ ሲመታ ሚስማሩ በሞገዱ ጀርባ ላይ ይግባ። ውሃ በሚወርድበት ጎድጓዳው ላይ ከገባ ቤቱ ያፈሳል።

ሣርም ሆነ ቆርቆሮ፣ የክዳኑ ጠርዝ ከግድግዳው ቢያንስ 60 ሳንቲ ሜትር ወደ ውጭ ይውጣ። የጭቃ ግድግዳ ጠላቱ ዝናብ ነው። ጠርዙ አጭር ከሆነ በየክረምቱ ጭቃው ይታጠባል፤ እንጨቱም ይገለጣል።

7. ጭቃና ምርጊት

ቀይ አፈር ከጤፍ ጭድ ጋር ሲቦካ ጥሩ ጭቃ ይሆናል። አፈሩን ለመፈተን ጥቂት አርሰን እንደ እንቁላል እናድቦልቡለውና ይድረቅ። ሲደርቅ ብዙ ከተሰነጠቀ አሸዋና ጭድ ይጨመር። በእጅ ሲነካ ከፈረሰ ደግሞ የሚያጣብቅ አፈር አንሶታል። ጭቃው አንድ ሳምንት ያህል ውሃ እየጠጣ፣ እየተገላበጠ፣ በእግር እየተረገጠ ይቆይ። ያልቦካ ጭቃ ከግድግዳው ይላቀቃል።

ምርጊት በአንድ ቀን አይጨረስም። የመጀመሪያው ጭቃ በማገሩ መካከል ተጠቅጥቆ ይመታል። እሱ በደንብ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። አትደንግጡ፤ ይህ ያለ ነው። ስንጥቁን ሁለተኛው ምርጊት ይሞላዋል። በመጨረሻም በተነፋ አፈርና በእበት የላመው ይለቀለቃል። ስንጥቅ ተሞልቶ ሲለሰልስ ትኋንና ቁንጫ መደበቂያ ያጣሉ።

ወባ ባለበት አካባቢ አንድ ነገር እንወቅ። የፀረ ወባ መድኃኒት ግድግዳው ላይ ከተረጨ በኋላ መምረግም መለቅለቅም አይገባም። የወባ ትንኝ የምትሞተው ግድግዳው ላይ ስታርፍ ነው። መድኃኒቱ በጭቃ ከተሸፈነ ግን ርጭቱ ከንቱ ሆነ ማለት ነው። ስለዚህ ምርጊቱን ከርጭቱ በፊት እንጨርስ።

8. መስኮት፣ ጢስና ጌጥ

መስኮት የሌለው ቤት ቀንም ሌሊት ነው። ቢያንስ ሁለት መስኮት ፊት ለፊት ቢሠራ አየር ከአንዱ ገብቶ በሌላው ይወጣል። ጢስ ዓይን ያጠፋል፤ የሕፃናትን ሳንባ ይጎዳል። ጢስ ምስጥና ነቀዝ ያባርራል ብለው የሚያጨሱ አሉ። ሣሩ ጥላሸት ሲለብስ ጥቂት ይጠነክር ይሆናል። የልጅ ሳንባ ግን ከሣር ይበልጣል። ማድ ቤት ለብቻ ካልተሠራም ከምድጃው በላይ የጢስ መውጫ እንተውለት።

አሁን ወደ ጌጡ እንምጣ። ይህን ሙያ በብዙ ቦታ የያዙት እናቶች ናቸው። ነጭ አፈርና ቀይ አፈር ከየቦታው ያመጣሉ፤ ከታች ቀይ፣ ከላይ ነጭ አድርገው ይቀባሉ። ኖራ የሚገኝ ከሆነም ያምራል፤ ዓይን ስለሚያቃጥል ግን በጥንቃቄ ይያዝ። ነጭ ግድግዳ ጥቅሙ ለውበት ብቻ አይደለም። በመስኮት የገባውን ብርሃን መልሶ ቤቱን ያደምቀዋል። በዚያ ብርሃን ልጅ ይማራል፤ እኛም ይህንን ጽሑፍ እናነባለን።

መደቡ ከግድግዳው ጋር አብሮ ቢሠራ ቦታ ይቈጥባል። በግድግዳው ውስጥ ትንሽ መደርደሪያ ማበጀት፣ የእንጨት መስቀያ መትከልም ይቻላል። ሰፌዱ፣ አገልግሉና ሞሰቡ ግድግዳው ላይ ሲሰቀሉ ጌጥም ናቸው፤ ከአይጥና ከአቧራም ይድናሉ።

9. ቤትን መጠበቅ

ቤት እንደ ከብት ነው፤ ካልጠበቁት ይከሳል። በየዓመቱ ክረምቱ ሲወጣ፣ በጥቅምት ወር፣ ቤታችንን እንዙረው። በድንጋዩ ላይ የምስጥ ጭቃ መንገድ ካየን ወዲያው እንፋቀው፤ ተመልሶ መምጣት አለመምጣቱንም እንከታተል። በአጠገቡ ኩይሳ ካለ ቆፍረን ንግሥቲቱን እናውጣ። እሷ ካልወጣች ምስጡ መራባቱን አያቆምም። ማገዶና የተከመረ እበት ከግድግዳው ሥር አናስቀምጥ። የታጠበውን ጭቃ እንምረግ፤ ቦዩን እንጥረግ።

ቤቱ የዘመመባቸው አባወራ በሚቀጥለው በጋ ቤታቸውን አፍርሰው እንደገና ሠሩ። ከላይ የነበረው እንጨት ደኅና ስለነበር አብዛኛው እንደገና አገለገለ። አዲስ የጨመሩት ድንጋይ ነው። ድንጋዩም ከራሳቸው እርሻ የተለቀመ ነው። «ድንጋዩ እኮ ሁልጊዜ እዚሁ ነበር፤ ሳርስ ማረሻዬን እየሰበረ ሲያማርረኝ የኖረ ድንጋይ ነው። አሁን ቤቴን ተሸከመልኝ» አሉን።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. የሁለቱ ጎረቤታሞች ቤት የተለያየው በምን በምን ነው?
2. እንጨት ተቆርጦ ወዲያው ለምን ይላጣል?
3. 6 ሜትር ርዝመትና 4 ሜትር ወርድ ላለው ቤት፣ በየግማሽ ሜትሩ ስንት ቋሚ ያስፈልጋል?
4. የፀረ ወባ መድኃኒት ከተረጨ በኋላ ግድግዳ የማይመረገው ለምንድን ነው?
5. በእናንተ ቤት ዙሪያ ምስጥ አለ? ዛሬውኑ ዞራችሁ ተመልከቱና ያያችሁትን ጻፉ።